የባዝራዋ ቃለ ጉባኤ

የካቲት 27፣ ሐሙስ። መሐል ሜዳ። ጠዋት 3፡00

የጋሽ ይፍሩ ባዝራ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሞተች።

የሰማሁት ጎሚስታው ዘንድ ነው። የሞተሬን የኋላ ጎማ አየር እያስሞላሁ ነበር። ጎሚስታው የጓሳ ሰው ነው፤ አየር ሲሞላ ወሬም አብሮ ይሞላል። ባዝራዋ ማክሰኞ ሣር ጭና ስትመለስ ሞተር ገጭቷት ከመንገዱ በታች ተንከባለለች፤ ሁለት ቀን ስታጣጥር ከርማ አለፈች። የገጫት አልቆመም። ጋሽ ይፍሩ በጉልበታቸው የተነሣ ወደ ኋላ ቀርተው ስለነበር ጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ሰሙ እንጂ ሰው አላዩም። ምን ዓይነት አረመኔ ነው ጋሼ፣ አለኝ። እንጃ አልኩ።

ማስታወሻዬ፣ የማክሰኞውን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ጓሳ ላይ ጭጋግ። በዝግታ አለፍኩ። አንዲት ባዝራ ደንብራ ወደቀች፣ ወዲያው ተነሣች። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ቤት የሌላውን ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ላንተ ይህን አቀበልኩህ። እርማቱ ይኸው።

ጭጋግ ነበር። በዝግታ አላለፍኩም። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ያለውን መንገድ ከራሴ የቀድሞ ሰዓት ጋር እየተሽቀዳደምኩ ነበር፤ ስልኬ መሪው ላይ ታስሮ ይቆጥራል። ባዝራዋ አልደነበረችም። በኩርባው ውስጠኛ በኩል ስታጠፍ የመሪዬ ጫፍ ጭነቷን ያዘው። እኔ ተንገዳግጄ ቀናሁ። እሷ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። በስፖኪዮ ያየሁት የፊት እግሮቿን ልታነሣ ስትታገል ነው። «ተነሣች» ያልኩት እሱን ነው። ፍሬን ልይዝ እጄ ሄዶ ነበር። ቁጥሩን አየሁ። ለቀቅኩት።

ሰዓቴን በአራት ደቂቃ አሻሽያለሁ። ይህንንም ማክሰኞ ከሥሩ ጽፌው አገኘሁት፤ በሁለት መስመር አስምሬበት።


የካቲት 28፣ ዓርብ። ከሰዓት

ጋሽ ይፍሩ ቤት ሄድኩ። በሞተር። ዝግ ብዬ። ሰው ባለበት ሁሌም ዝግ እላለሁ፤ መፍጠኑ ሰው በሌለበት ነው።

ደጃቸው ላይ ጎረቤት ተቀምጧል፤ ለባዝራም እንዲህ ይቀመጣል። ጋሽ ይፍሩ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ሚስት ሞታባቸዋለች። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም የሚደርሱት በባዝራዋ ነበር። ከብዳ ነበር አሉኝ፤ ከክረምቱ በፊት ትወልድ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። ብዕሬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም።

ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ስንት ሰዓት፣ ከየት ወዴት፣ ምን ሰሙ። የለመድኩት ሥራ ነው። ግማሽ ላይ ገባኝ፤ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሳይሆን እሳቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ ለመለካት ነው።

የሚጠረጥሩት ሰብለን ነው፤ የቀበሌዋን የእንስሳት ሐኪም። የመሥሪያ ቤት ሞተር አላት፤ ማክሰኞ ረፋድ በዚያው መንገድ አልፋለች። ድምፁን አውቀዋለሁ አሉ ጋሽ ይፍሩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ አልኩ።

«ከሷ ሌላ እዚህ ሞተር የሚነዳ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ሳቁ። ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሳቁ።

«አንተማ ልጄ፣ ከባዝራዬ ኋላ ነበር የምትደርሰው!»

አንዷ ጎረቤት ወደ እኔ እየጠቆመች ቀጠለች፤ እሳቸውን ባለፈው አህያዬ ቀድማቸው ሄደች፣ አይታቸውም አዘነች። እንደገና ሳቅ። እኔም ሳቅሁ፤ ማስታወሻዬ፣ አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ተናግሬ ስላልታመንኩ እፎይ አልኩ። ከሁሉ የከፋችው እሷ እፎይታ ናት።


የካቲት 30፣ እሑድ

ጓሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ አውጫጭኝ ተጠራ። አገሩ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ የሚያደርገው ነው፦ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ምሎ ይናገራል፤ የቀረ ይጠረጠራል። እኔም ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ። በእርግጥ ብዬ ነበር።

ተራ አልደረሰኝም። ሰብሳቢው ሽማግሌ አቶ ደምሴ ገና ሲያዩኝ ተነሡ። እርስዎ ከአገር ወጥተው የኖሩ፣ እንግዳ ነዎት፣ እንግዳ አይማልም፤ ደግሞ የጋዜጣ ሰው ነዎት፣ እጅዎ መልካም ነው፤ ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ይያዙልን አሉ። ደብተር ሰጡኝ። ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ጋቢ አነጠፉልኝ።

ጻፍኩ። እገሌ፣ ምሎ፣ አላየሁም አልሰማሁም። እገሊት፣ ምላ፣ አላየሁም፣ የሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ። እንዲህ እያለ ቆየ። ከዚያ ሰብለ ቆመች። የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ቢሆናት። በኩርባው ያለፈችው ረፋድ ላይ ነው፤ ባዝራ አላየችም፤ ረቡዕ ሰምታ መድኃኒት ይዛ መጣች።

«መርፌ ወግታ ጨረሰቻት» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማስታገሻ ነው ጋሼ። እኔ የወጋሁት ሕመሟን ነው።»

«ካልገጨሻትማ ሳትጠሪ ምን አመጣሽ?»

«ሥራዬ ነዋ! እሳት ሲነሣ ውኃ ይዞ የሮጠ ሁሉ ለኳሽ ነው?»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም። ሁለተኛው ሸንጎ መጋቢት 14 እሑድ ይሁን ተባለ፤ ያን ቀን አይቶ የደበቀውን ቄሱ ይገዝቱታል። ነገሩ እስኪለይ ድረስ የማንም ከብት በሰብለ እጅ እንዳይነካ።

የመጨረሻዋን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። በጥሩ እጅ፣ ያለ ስርዝ። ሲነበብ ጉባኤው አመሰገነኝ።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የምጽፍበት የጋዜጣ ዓምድ አዘጋጅ ደወለ። የተራራ መንገዶች ጽሑፌ የት ደረሰ ይላል። አልቋል። ጥሩ ጽሑፍም ነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፍ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ የጅባራው ቅጠል በውርጭ ነጥቶ፣ ከማርሽ ወደ ማርሽ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ። መሐሉ ላይ «ጭጋግ ሲወርድ በእግረኛ ፍጥነት መንዳት የመንገዱ ሕግ ነው» የሚል አለበት። የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው፤ ጥፋቱ በተደረገ በዋዜማው። ሞተሩ ተበላሽቷል፣ ጽሑፉም ይዘገያል አልኩት። ሞተሩ ደኅና ነው።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መንገዱ ደርቋል። ጓንቴን አድርጌ በር ድረስ ወጣሁ። ስለ ባዝራዋ እያሰብኩም እጄ ኩርባውን ይመኛል፤ ማዘንበሉን፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንሸራተት የሚመጣውን ያንን ባዶነት። ወጣት ሳለሁ የሞተር ውድድር እዘግብ ነበር፤ ሲወድቁ አይቼ ለምን እንደገና እንደሚወጡ አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። አሳፈረኝ። ጓንቱን አውልቄ ገባሁ።


መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጓሳ ግርጌ የአንድ ሰው ላም ምጥ ጠንቶባት ጥጃዋ ተጣሞ ሞተ። ላሟ ተርፋለች፤ ትቆም እንደሆነ አይታወቅም። ሰብለ ወሬውን ሰምታ እስከ አጥሩ ደርሳ ነበር። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ መለሳት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉባኤው ያለውን ነው የጠበቀው። ጉባኤው ያለው ደብተሩ ላይ አለ። ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አንድ ባዝራ። በሆዷ የነበረው። አንድ ጥጃ። ቆጠራው እየጨመረ ነው፤ ከማክሰኞዪቱ በኋላ ያለው ሁሉ በፍጥነት ሳይሆን በዝምታ የመጣ ነው።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ። ከሰዓት 10፡00

ሰብለ መጣች። ሞተሯን ውጭ አቁማ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ወረቀት ይዛለች፤ የዝውውር ማመልከቻ። ቋንቋውን እንዳስተካክልላት ነው። አገሩ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚታመነው እኔ ነኛ።

አነበብኩ። «በግል ምክንያት» ይላል። የግል አይደለም አልኳት።

«ገጭታ ሸሸች ብለው ጠሉኝ ብዬ ልጻፍ? የምሄድበት ቦታ ሲደርስ እዚያም ከብት አያመጡልኝም።»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። እዚህ ከመጣች አራት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያው ዓመት ማንም አልጠራትም፤ ሴት በሬ ትይዛለች ወይ ብለው። መጀመሪያ በግ ያመጡላት ጋሽ ይፍሩ ናቸው። በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ፣ ባዝራቸው ላይ በጉን ጭነው። አሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። የለወጠችው ሄልሜቱን የያዘችበትን ክንድ ነው።

መቼ ታስገቢያለሽ አልኩ። ነገ ዓርብ። እስከ ሰኞ አቆዪው አልኳት።

«ለምን ጋሼ?»

አሁን ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። አፌን ከፈትኩ፣ ሰዋስው ላይ የምሠራበት ጊዜ ስጪኝ አልኩ። ዓይኔን አየች። ከዚያ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሸራ ያለበስኩትን ሞተሬን በመስኮት አየች።

«ሲነዱት አላየሁዎትም ሰሞኑን» አለች።

«አልነዳሁም።»

«እሺ። እስከ ሰኞ» ብላ ወጣች። የጠረጠረች ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ጠዋት

አቶ ደምሴ ላኩብኝ። ነገ ደብተሩን ይዤ እንድመጣ፣ ግዝቱም እንዲመዘገብ። ቄሱ የሚገዝቱት አይቶ የደበቀውን ነው፤ ጸሐፊው ከመሐላው ወጥቷል እንጂ ከግዝቱ አልወጣም። ግዝቱን ባልፈራም፣ እሱን በራሴ እጅ መጻፌን እፈራለሁ።

ምን እንደሚሆን አስቤዋለሁ። ጋሽ ይፍሩ ደጃፍ አብሬ የሳቅኩትን ያስታውሳሉ። ይቅር ሊሉ ይችላሉ፤ ባይሉም እውነት አላቸው። ሰብለ ምን እንደምትል አላውቅም። የትውልድ አገሬ ነው፤ የአባቴ መቃብር እዚያው ዐጸድ ውስጥ ነው።

ሞተሬን አልወስድም። እስከ ጓሳ በእግሬ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱ ሳይነጋጋ መነሣት አለብኝ።

ደብተሩን ገለጥኩት። ከመጨረሻው ምስክር ሥር ተራ ቁጥር አስገባሁ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ምሎ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ግን ገና አልሞላሁም።

ጉባኤው ነገ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ።