አያቴ ለሰሚራ የነገራት

ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1996

አርባ ሦስት ቃል! ሰሚራ በአንድ ከሰዓት አርባ ሦስት የቅማንትኛ ቃል ከገዛ አያቴ አፍ ለቅማ ሄደች። እኔ የልጅ ልጁ፣ ባዶ ደብተር።

አያቴ አያ ተገኘ ዓይኑን ሊታከም ከጭልጋ መጥቶ እዚህ ማራኪ፣ የኪራይ ክፍሌ ነው ያረፈው። ቅዳሜ ይመለሳል። የመመረቂያ ጽሑፌ በእሱ ቋንቋ ላይ ስለሆነ እግዜር አመጣልኝ ብዬ ነበር። የቃላት መጠየቂያ ቅጼን ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

"አያ፣ ውሃ በቅማንትኛ ምን ይባላል?"

"ረሳሁት።"

"በሬስ?"

"እሱንም።"

ሰሚራ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፤ አባቷ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣሉ። ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። መንገድ ላይ አህያ ሲያይ የአህያን ስም፣ ውሃ ሲጠጣ የውሃን ስም እየነገራት ሄደ አሉ። ነገሩን ሲያይ ነው ቃሉ የሚመጣለት ትላለች፣ አዋቂዋ!

ማክሰኞ 15

ዛሬም መጣች። ደግሞ ጥያቄዋ አያልቅ!

"አያ ተገኘ፣ መጀመሪያ የተነገረው ቃል ምን ይሆን?"

"እምቢ ነዋ! ሕፃን ልጅ አላየሽም?"

"ፊደልንስ ማን ፈጠረው?"

"የሚረሳ ሰው። የማይረሳ ምን ሊያደርግለት?"

"ፊደል የሌለው ቋንቋ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?"

"ፊደል ያለውስ በምን ታወቀ?"

ተሳሳቁ። እኔ ሳህን አጥባለሁ። 

ረቡዕ 16

የእሷን ዘዴ ሞከርኩ። ወለቃ ወስጄ ከሸክላ ሻጮቹ ዘንድ አንድ ድስት አስያዝኩት። ደባበሰው፣ ገለበጠው። "ሸጋ ድስት ነው" አለ። በአማርኛ!

ከሰዓት ሰሚራን ግቢ አገኘኋትና "አያ ወደ አገሩ ሄደ" አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ክፉ አይደለሁም። ግን አያትነቱ ለእኔ ነው።

ሐሙስ 17

ቀኑን ሙሉ በር በሩን ያያል። "ምነው ያቺ ልጅ ቀረች?"

በገንሁ። "ለባዳ ስትናገር ለእኔ ምነው ትረሳለህ?"

"አልረሳሁም" አለኝ። "እናትሽ ልጅ ሆና ገበያ መሐል በቋንቋችን ጠራችኝ። ሰው ሳቀባት። እያለቀሰች ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ለልጄም ለልጅ ልጄም አላወርስም ብዬ ማልኩ። ሰሚራ ላይ ማን ይስቃል? እሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት።"

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ 18

ለሰሚራ እውነቱን ነገርኳት። "ዋሸሽኝ?" አለች፣ አንዴ ብቻ። ደብተሯን አንስታ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ 19

መናኸሪያ መጣች፤ ለእሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። ሰላምም አላለችኝ።

አያ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ እጁን አወጣና ጉንጬን ያዘ። በቅማንትኛ አንድ ነገር አለኝ። ለእኔ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዷም ቃል አልገባችኝ። ምን አልከኝ ሳልለው መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ዞር ስል የሰሚራ ዓይን እንባ ሞልቷል። ገብቷታል! የአያቴ ንግግር ለእኔ ተነግሮ እሷ ሰማችው። እንዲህ ያለ ቅናት ቀምሼ አላውቅም። ጠጋ አልኩና "ምን አለኝ?" አልኳት።

እንባዋን ጠረገች።

"'ልጄ፣ ነይ' ነው ያለሽ።"

ሌላ ሳትጨምር ታክሲ ውስጥ ገባች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭልጋ እሄዳለሁ። አብረን እንሂድ ልበላት ይሆን? እሺ ትለኝ እንደሆን አላውቅም።