ከምሽጉ በታች ስላለው የኪዳነ ምሕረት ምንጭ

ለክቡር ካፒታኖ፣ ከቀየት መንደር በላይ ለተሠራው የጣሊያን ምሽግ አዛዥ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደምን ነው? ሆድዎስ ደኅና ነው? የኛን ሆድ ለጊዜው አይጠይቁን።

የምንጠጣውን ውሃ በየወሩ በሐኪምዎ እያስመረመሩ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት በገበያው ጥድ ላይ ስለሚያስለጥፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ይህንን ደብዳቤ ከሥሩ የለጠፍኩት ወረቀትዎን ብቻውን እንዳይበርደው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ሐኪምዎ ጠርሙሱን የሚሞላው ከኛ ምንጭ ሳይሆን ከምሽጉ በላይ እናንተ በሽቦ ከዘጋችሁት ምንጭ ነው። ቁልቁለቱ ለጫማው ስላልተመቸ ይሆናል፤ እንኳን አልደከመ።

ሁለተኛ፣ ምንጫችን ጸበል ነው፤ በኛ አገር ጸበል ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ ክፉውን እያወጣ ነው ይባላል። ስለዚህ ልጄን ማናለብሽን ሲያጣድፋት እልል ብለን ሌላ ቅል ጨመርንላት። «ጠጪ የኔ እናት፣ እየወጣልሽ ነው» ያልኳት እኔው ነኝ። ስድስት ቀን አጠጣኋት። በሰባተኛው ቀበርኳት።

ሦስተኛ፣ ከቀብሯ በኋላ ተጠራጠርኩ። እኔ እንደ ሐኪምዎ ጠርሙስ የለኝም፤ የገብስ እብቅ ግን አለኝ። ቅዳሜ ለበቅሎዎቻችሁ ጭድ ሳመጣ ከሽንት ቤታችሁ በሚወርደው ቱቦ አንድ ቁና እብቅ ጨመርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ አማኑኤል ጸበል ሲቀዱ እብቁ ቅሉ ላይ ተንሳፎ ወጣ። ቱቦው ከምንጩ አናት ላይ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ምርመራዬን በነፃ ይቀበሉኝ።

አራተኛ፣ አሁን ደግሞ የልጅቱ እናት አልጣሽ ተኝታለች። ከላይኛው ምንጭ አንድ እንስራ ብለምን ዘበኛዎ ሽቦው ላይም የተለጠፈውን ወረቀትዎን እየጠቆመ መለሰኝ። ማንበብ ስለማይችል ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ቱቦው እስኪደፈን ድረስ ሽቦውን ጧት ጧት ይክፈቱልን። አልጣሽ ነገ የምትጠጣው የላትም።

ለእስሩም ለጅራፉም ቤቴን ሳይፈልጉ እንዲያገኙኝ ስሜን በትልቁ ጽፌ፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበትዎታለሁ፤
የወረቀትዎ ታማኝ አንባቢ፣ የማናለብሽ አባት
ጎበዜ ወሰኔ
የካቲት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ውሃዎን በበቅሎ የሚያመላልሰው ወታደር ላይኛው ምንጭ ድረስ መውጣት ሰልችቶት፣ ከገበያ ሲመለስ መንገዱ ላይ ካለው ከኛ ምንጭ መሙላት ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ልነግርዎት ተነሥቼ ነበር፤ ወረቀትዎን አንብቤ ተመለስኩ።