«ደህና ናቸው» ያልኩበት ሳምንት

ሐሙስ

የያሬድ ስልክ ዛሬም ዝግ ነው። ሦስተኛ ቀኑ። ወንድሜ ብር ባይኖረው እንኳ ሚስኮል ሳያደርግ ሁለት ቀን አሳልፎ አያውቅም።

ፋርማሲ ውስጥ አንዲት ደንበኛ የግፊት መድኃኒቷን ስቆጥርላት በስልክ ታወራለች። ወታደር ማሠልጠኛው ውስጥ ወንዝ ሲሻገሩ ገመድ ተበጠሰ፣ ልጆች ውሃ ወሰዳቸው አለች። ስንት እንደቆጠርኩ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። «የትኛው ማሠልጠኛ?» አልኳት። የጠራችልኝ ያሬድ ያለበትን ነው።

የማውቀው ይኼን ብቻ ነው፦ ውጊያ ሳይሆን ልምምድ ነበር። ክረምት ስለሆነ ወንዙ ሞልቷል። ስንት ሰው እንደሞተ የሚናገር የለም። ዜናውን እስከ ስፖርቱ ድረስ አዳመጥኩ፣ ቃል አልተነፈሱም።

ያሬድ ብቻውን አልሄደም። የጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ ልጅ ገመቹ አብሮት ነው። አንድ ግቢ አደጉ፣ አንድ ቀን ተመዘገቡ። እትዬ ጫልቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው «ደወለ?» አሉኝ። «ኔትወርክ አስቸግሮ ይሆናል» አልኩ። ስለ ወንዙ አልነገርኳቸውም።

ዓርብ

ምን ነካኝ!

ጠዋት ውሃ መጥቶ ግቢ ውስጥ ከእትዬ ጫልቱ ጋር ጀሪካን እየሞላን ነበር። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ያሬድ ነው። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«እኔ አለሁ» አለ። «ገመቹ የለም። ውሃ ወሰደው። በሰው ስልክ ነው የምደውለው…» ተቋረጠ።

እትዬ ጫልቱ ጀሪካናቸውን ትተው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «ያሬድ ነው? ምን አለ? የኔስ ልጅ?»

«ደህና ናቸው» አልኩ።

«ናቸው» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በኦሮምኛ ጌታን አመሰገኑ። ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ቧንቧውን የሚዘጋ የለም።

ቅዳሜ

ያሬድ እንደገና ደወለ። ስልካቸውን ሰብስበውባቸዋል፣ የሚደውለው ተደብቆ ነው። ለሰው እንደነገረ ከታወቀ ይታሰራል።

ከላይ በኩል ዝናብ ይጥል ነበር አለ። ውሃው መልኩን ሲቀይር አይተው ለአሠልጣኛቸው ነግረውታል። «ጦርነት ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅም» ብሎ መለሰላቸው። ሙሉ ትጥቅ ተሸክመው፣ አንድ ገመድ ይዘው ገቡ። መሃል ሲደርሱ ገመዱ ተበጠሰ። ገመቹ ከያሬድ ቀጥሎ ነበር። ዋና አይችልም። ያሬድ እጁን ይዞታል። «ይዤው ነበር እኮ» አለኝ። «ይዤው ነበር እኮ።» መልሶ መላልሶ ይኼንኑ። አስከሬኑ በማግስቱ ተገኝቶ እዚያው ቀብረውታል።

ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልጄ፣ መርዶ በስልክ ወሬ አይነገርም።»

«ወንድሜ በዓይኑ ያየው ነው!»

«ወንድምሽን ልታሳስሪው ነው? መጀመሪያ የመርዶው ወረቀት ከማሠልጠኛው ይምጣ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

አፌን አስቀድሜ ብይዘው ኖሮ።

እሑድ

እትዬ ጫልቱ ከቸርች ሲመለሱ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። በጉባኤው ፊት ቆመው የልጃቸውን ደህና መሆን መስክረዋል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ አሉኝ። ጨጨብሳ ሠርተው ይዘውልኝ መጥተዋል።

«ብዪ እንጂ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያበሰርሽኝ።»

በላሁ።

«በይ ያን ቁጥር ደውዪልኝ፣ ድምፁን ልስማው።»

የደወልኩ መስዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። «ዝግ ነው» አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። ከፊተኛው ይኼ ይብሳል፣ አስቤበት ነው የዋሸሁት።

ልንገራቸው ብዬ ሁለቴ ተነሳሁ። ሁለቴም በራቸው ጋ ደርሼ ተመለስኩ።

ሰኞ

ወረቀቱ መጣ። ጋሽ ታደሰ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ ለእትዬ ጫልቱ ይነገራቸዋል። እህታቸው ከአስኮ ትመጣለች፣ ፓስተራቸውም ይመጣሉ። «አንቺ ቅሪ» አሉኝ። «አልቀርም» አልኩ።

ከቤቴል እስከ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ የምለውን ስለማመድ መጣሁ። አንድ የሚረባ ቃል አላገኘሁም።

ግቢ ስገባ እትዬ ጫልቱ የገመቹን ብርድ ልብስ አጥበው ለብቻቸው ይጨምቃሉ። «ፈቃድ ሲሰጡት ንጹሕ ላይ ይተኛ» አሉ። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው። አብረን ጨምቀን አሰጣነው።

ማክሰኞ

ሰማዩ ገና ሲገላለጥ ሄድን፣ ሰባት ሰው። ጋሽ ታደሰ አንኳኩ። እትዬ ጫልቱ በባዶ እግራቸው ከፈቱ። እህታቸውን አዩ። ፓስተሩን አዩ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሳቸው ግን በሰዉ መሃል እኔን ፈለጉ።

«አንቺ፣ ደህና ናቸው ብለሽኝ የለ?»

ጮክ ብለው አልነበረም። መልስ እየጠበቁ ነው። አቀረቀርኩ። ያኔ ነው የጮኹት። «ኢልመኮ! ልጄ! ኢልመኮ!» ጋሽ ታደሰ የተዘጋጁበትን አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀሩ።

ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ወንበር ስደረድር፣ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ። እትዬ ጫልቱ አንዴም ወደ እኔ አላዩም።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እትዬ ጫልቱ አስጠሩኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እህታቸውን «እስቲ ውጪልን» አሏት።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዓርብ።»

«ውሃ ስንቀዳ?»

«አዎ።»

«በሰው ፊት ቆሜ አመሰገንኩ እኮ። ልጄ አፈር ለብሶ፣ እኔ አስጨበጨብኩ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ገፉኝ። «ተዪ። ያሬድን አገናኚኝ።»

ፈራሁ። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ለሠልጣኞቹ ስልካቸውን መልሰውላቸዋል፣ ያሬድ ወዲያው አነሳ። እትዬ ጫልቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። የያሬድ ልቅሶ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አታልቅስ» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ውሃው ይበርድ ነበር?»

ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማሁም። ብዙ አወራ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

«እጁን ይዘኸው ከነበረ ልጄ ብቻውን አልሞተም» አሉት በመጨረሻ። «ስትመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ግባ።»

ስልኩን መለሱልኝ። ልወጣ ስነሳ «ይቅር አላልኩሽም» አሉ።

«እሺ፣ እትዬ።»

«ነገ ግን ነይ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ብቻዬን መሆኔ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም። ለፋርማሲው ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እሄዳለሁ።