ለጊፋታ የተባለ አሜን

ቦዲቲ፣ መስከረም 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

ልጄ ምሕረት፣ ጌታ በመጻሕፍትሽ መካከል ይጠብቅሽ። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በስልክ ድምፄን ስትሰሚ ብዙ ስለምትጠይቂ መጻፍ መረጥኩ።

ለማስተርስሽ የምትጽፊውን፣ ባል ስለሞተባቸው ሴቶች የመሬት መብት የሚለውን፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሕጉ ደግ ነው።

አጎትሽ ኤርካሎ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ዕርቅ ሽማግሌዎች ይዞ መጥቶ ነበር። "የምሕረት እናት፣ መሬት ለሴት ይከብዳል፤ የወንድሜን እኔ ልያዘው። ቂም ይዘሽ ጊፋታን አትሻገሪም፤ አሜን በይ" አለኝ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አሜን አልኩ። አክስትሽ ብርቅነሽ ከዚሁ ከአባቷ መሬት ባዶ እጇን ስትሸኝም ከአባትሽ ጎን ተቀምጬ አሜን ብያለሁ፤ አሁን በምን አፌ እምቢ ልበል?

እንሰቱን እሱ ይንከባከበዋል። ላሚቱም እዚያው ናት። አዲሱ አጥር ጠንካራ ነው።

አደራ፣ ለበዓሉ ብለሽ ትምህርትሽን አታቋርጪ። እዚያ ጽሑፍሽን በመምህራንሽ ፊት ስታቀርቢ እኔ እዚህ እጸልያለሁ። ምናልባት ከመጣሽ ግን ወደ ቤት አትውረጂ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችው ክፍል አንኳኪ፤ እከፍትልሻለሁ።

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ።

እናትሽ አስካለች