የሕመም ስሞችን ወደ ዓረብኛ ሲመልሱ የኖሩት አባታችን

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሰኔ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓረብኛን ከቤት፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ተምረው በ1966 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የትርጉም ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የሚጽፏቸውን የሕመም ስሞች፣ ይልቁንም ሲንድሮም የሚባሉትን የሕመም ምልክቶች ስብስቦች፣ ለዓረብኛ ተናጋሪ ሕሙማን መተርጎም ነበር።

በ1969 ዓ.ም. «ሀንተር ሲንድሮም» የሚል ካርድ ቀረበላቸው። ሀንተር በእንግሊዝኛ አውሬ አዳኝ ማለት ነውና፣ የአንድ ሐኪም ስም መሆኑን ባለማወቃቸው ቃሉን ፈተው በዓረብኛ «የአዳኝ ሕመም» ብለው ጻፉት። ካርዱን ያነበበች አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ ወደ መዝገብ ክፍሉ መስኮት መጣች። አማርኛዋ ገና ጥሬ ነበር።

«ልጄን የሚያድነው ማን ነው?» አለች። እንደ አውሬ የሚያሳድደውን ማለቷ ነበር።

መዝጋቢዋ የሚፈውሰውን የጠየቀች መስሏት፣ «ሐኪሙ ነዋ፣ እህቴ! ግቢ፣ እየጠበቀው ነው» አለቻት።

እናት ልጇን ይዛ ከሆስፒታሉ ሮጣ ወጣች።

አባታችን ይህን ሲሰሙ ሐኪሙን ጠይቀው ሀንተር የሰው ስም መሆኑን ተረዱ። ልጁ ትንፋሽ ያጥረው ነበርና ሕክምናው ቀን የሚሰጥ አልነበረም። እህል ሳይቀምሱ ሁለት ቀን በር ለበር ዞሩ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ላውንደሪ ጀርባ ባለች ክፍል አገኟት። ከውስጥ የልጁ ጉሮሮ ሲር ሲር ሲል ይሰማ ነበር። አልከፍትም አለች። አባታችን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው በዓረብኛ ለመኗት፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። የሰው ስም ነው የተረጎምኩት። ልጅሽን የሚያሳድደው የለም። በሞቴ ክፈቺልኝ!»

ከብዙ ልመና በኋላ ከፈተች። ልጁን ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት፤ በኦክስጅን ተረፈ። ፍርሃቱ ግን ከአባታችን ሆድ አልወጣም። ሐኪም ሳይጠይቁ አንድ ቃል አይለቁም ነበር፤ ባልደረቦቻቸውም «እስቲ ቆዩ» የሚል ስም አወጡላቸው። እኛ ልጆቻቸው ስንስቅ እሳቸው አይስቁም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቀማሚዋ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እስከ ጡረታቸው ድረስ፣ ካርድ በተረጎሙ ቁጥር እጃቸውን እንደሚያልባቸው የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን ሳያነቡ አጥፈው ለእናታችን ሰጧትና፣ «ስሙን እንዳትነግሪኝ፤ እፈራለሁ። እጄን ብቻ ያዢኝ» አሏት። እስከ መጨረሻው አልለቀቀቻቸውም።

ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን።