የኢታና ምሳ ዕቃ

ልደታ፣ ጥር 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኦልጅራ፤ ጎሬ። ሁላችንም ደህና ነን፣ ሐሳብ እንዳይገባህ ብላለች እማዬ።

ታናሽህ ኢታና ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ቀበሌ ከሄደ ወር ሆነው። እማዬ በየቀኑ ምሳ ታደርስለታለች። በሜዳ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ በፊዚክስ ሥራ አይባልም ብላት፣ «ያስተማረሽ ሰው ተሸክሞ ይየው!» ብላ ተቆጣችኝ።

የማጠናው ከኢታና ደብተር ነው። ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም ይላል፤ የበላነው ምግብ ሙቀት ይሆናል፣ እርምጃ ይሆናል፣ ድምፅ ይሆናል።

መጀመሪያ ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለስ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ግን እንደከበደ ይመለሳል። እማዬ «ጾም ይዞ ነው» ትላለች። የምን ጾም እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የእሱን ሰላምታ ሳትጽፊ ፖስታውን እንዳታሽጊ ብላኛለች። ኢታናም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ዲንቄ