መርዶ በእጅ ሻንጣ

ሰኞ፣ ሜልቦርን አውሮፕላን ማረፊያ

እማሆይ፣ የባሌ እናት፣ አርፈዋል። ይኸው ጻፍኩት። ለሰው መናገር ስለተከለከልኩ ለስልኬ ልንገረው።

መላኩ የደወለልኝ ሻንጣ እያስረከብን ሳለ ነው። መላኩ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቢቸና ከእናታቸው ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ባሌ ይበልጣል ሚዛኑ ላይ ከሻንጣው ጋር ይታገላል። ከኪሎ በላይ ነው አሉት፣ እሱ "በዓል ነው እኮ" እያለ ልጅቷን ይለማመጣል። እኔ ራቅ ብዬ ስልኩን አነሣሁ። ገና "የሺዬ" ሲለኝ ድምፁ አላማረኝም።

"ብቻሽን ነሽ? እሱ አይሰማሽም?" አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ትናንት ሆሳዕናን አስቀድሰው፣ ዘንባባቸውን ጣታቸው ላይ አስረው በእግራቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት ሊቀሰቅሳቸው ቢገባ የሉም። ዛሬውኑ ይቀብሯቸዋል። ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት የለም፤ ትናንት ለሁሉም የተደረገው የሆሳዕናው ፍትሐት ይበቃቸዋል ብለዋል ካህናቱ።

"እንዳትነግሪው" አለኝ። "ሰው በሌለበት፣ ሰማይ ላይ መርዶ አይነገርም። ራሱን ቢጥል ማን ይይዝልሻል? ይዘሽልን ነይ፤ እዚህ ዘመድ ባለበት እናረዳዋለን።"

እሺ አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው፣ እሺ አልኩ!

እኔና ይበልጣል ውል አለን እኮ። አባቴ ሞጣ ላይ ያረፉ ጊዜ እሱ ሰምቶ ሦስት ሳምንት ደብቆኛል። ጠዋት ጠዋት ምሳዬን እየቋጠረ፣ "ደህና ዋይ" እያለ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የማኅበራችን ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነቃሁ። ከሞቱ ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት ነው ያቃጠለኝ። ስንት ጊዜ ተጣላን በዚያ ነገር! ልንለያይ ሁሉ ደርሰን ነበር። በመጨረሻ "ሁለተኛ ሞት አትደብቀኝ፤ እኔም አልደብቅህም" ብዬ አማልኩት። ማለ። እኔም ማልኩ።

አሁን እየጠራኝ ነው። ሻንጣውን አሳልፈውለታል። ደስ ብሎታል።


ማክሰኞ፣ አየር ላይ (ማክሰኞ መሆኑንም እንጃ)

ዘግይተን ነው የተነሣነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ የለም፤ አብራሪው ብዙ አወራ፣ ይቅርታ አለ።

የእጅ ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። ውስጡ ለእናቱ የገዛው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ አለ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው። በትልቁ ሻንጣ አላስገባም አለ፣ ይጠፋል ብሎ። ፍተሻው ላይ ሽቦውን አይተው አስፈቱት፤ እሱ ደግሞ ለፈታሿ ስለ እናቱ ጉልበት ይተርክላታል።

"መጀመሪያ 'እሳት ከጎኔ አላስተኛም' ትላለች" ይለኛል። "ሳምንት ሳይሞላት ግን ከቆቧ እኩል ነው የምትወደው። መብራት ሲጠፋ መላኩን ስታሰቃየው ይታየኛል።"

እኔ ፊልም ከፍቼ አለቅሳለሁ። ፊልሙ ስለ ውሻ ነው። "ምነው አንቺ፣ ለውሻ?" ብሎ መሐረብ ሰጠኝ።

ዶሮ አመጡልን። ፆም ነን ብንል አስተናጋጇ አልገባትም፤ ኋላ ሩዝና ባቄላ አገኘች። እሱ በላ። የእሱንም የእኔንም።


ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዱባይ

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ጥሎን ሄደ። ስንሮጥ ደርሰን በሩ ተዘግቶ አገኘነው። ሰዉ ሁሉ ለፋሲካ አገር ቤት ይገባል፤ ቀጣዩም ሞልቷል አሉ። ነገ ማታ ነው ቦታ ያለው። ሆቴል ይሰጧችኋል ተባልን።

እኔ ልቤ ወረደ። ሌላ አንድ ቀን! እሱ ግን አጽናኝ ሆነልኝ። "ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀች እናት አንድ ቀን ምን ታደርጋታለች?" አለኝ። ምን ልበለው?

ከዚያ ደግሞ ጉድ ሊፈላ ነበር። ለሆቴሉ ተሰልፈን "ጋሽ ይበልጣል!" የሚል ድምፅ። የቢቸና ጎረቤታቸው ልጅ፣ እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ፣ እሷም ለበዓል የምትገባ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዘልዬ አነቅኋት። ጆሮዋ ላይ "አልሰማም" አልኳት፤ ይኸው ብቻ። ያገሬ ልጅ፣ አንድ ቃል በቃት። እንባዋን ጠርጋ "ናፍቃችሁኝ ነው" አለችው።

እሱ ደግሞ እኔን ተቆጣ። "በሕማማት ሰው ይታቀፋል? ይሁዳ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ለቀልድ ነው። ቀልዱ እዚህ ደረቴ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።


ረቡዕ፣ ሆቴል

የዋይፋዩን ቁጥር አልሰጠሁትም። የስልኩን ቻርጀር ካልሲ ውስጥ ደበቅሁ። ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" የሚል ጽሑፍ ስንት እንዳለ አይቻለሁ፤ ፎቷቸውን ከነቆባቸው ለጥፈውታል። ክፍሉን ሁሉ አገላብጦ ቻርጀር ፈለገ። እኔም አብሬው ፈለግሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እሱ ግን እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሥራ የለ፣ ልጆቹ ከእህቴ ጋ ናቸው፣ መስኮቱ ሥር ባሕር። ሻይ እየጠጣን ስለ እናቱ አወራኝ። ልጅ ሳለ ቢቸና ገበያ ይዘውት ሄደው በበግ ዋጋ ሲከራከሩ ይውላሉ። የበጉ ባለቤት ተንገሽግሾ "እንዳልሽው ይሁን፣ ውሰጂው" ሲላቸው "አልፈልግም፤ እንዲህ ቶሎ ከቀነስክ በጉ በሽተኛ ነው" ብለው ጥለውት ሄዱ። ሰውየው በጉን እየጎተተ ሲከተላቸው፣ በጉ ሲጮኽ፣ እሳቸው ዞር ሳይሉ። የሰውየውን ድምፅ እያስመሰለ አልጋው ላይ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያበቃ ልነግረው ቆረጥሁ። በማርያም ቆርጬ ነበር።

"ይበልጣል" አልኩት።

"ወዬ።"

አየኝ። ገና ፊቱ ላይ ሳቅ አለ።

"ሻይ ልድገምልህ?"

ኋላ ሎቢ ወርጄ ለመላኩ ደወልኩ። "አልቻልኩም፣ ውል አለን፣ ልንገረው" ብዬ ጮኽኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። መላኩ አልተቆጣም። "እሺ፣ ንገሪውና ከዚያስ?" አለኝ። "ማን አብሮት ያልቅስ? ማን ደረቱን ይያዝ? አንቺ ብቻሽን?" ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ነው፤ ደግሞ እውነቱን አይደለም። ብቻዬን ባለቅስለትስ? ሚስቱ አይደለሁ?

ወደ ክፍል ስመለስ እንቅልፍ ወስዶታል። ማታ እንበራለን።


ሐሙስ፣ ሞጣ

ደርሰናል። አዲስ አበባ ጥቂት ሰዓት ወንበር ላይ ተጋድመን፣ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ከዚያ በኮንትራት መኪና በአዴት በኩል ሞጣ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ብለውን ነው የወጣነው፤ ስንት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ሻንጣችን አልመጣም። የእጅ ሻንጣው ግን አለ፣ ታቅፎታል።

ማረፊያችን እናቴ ቤት ነው። ዘመዶቼ ከመላኩ ጋር የመከሩት እንዲህ ነው፤ እዚህ ያድራል፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ ዛሬ መጥተው ጎረቤት ቤት የሚያድሩት የቢቸና ዘመዶች ገብተው ያረዱታል።

ገባን። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፣ እናቴ ጥቁር ለብሳለች። ማንም አልሳመውም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ! አለቀ፣ አወቀ አልኩ።

"ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?" አለ።

"ልጄ፣ ሕማማት አይደል" አለችው እናቴ።

ይበልጣል አፈረ። እሱ ራሱ ዱባይ ላይ ሲቆጣኝ የነበረው! "ውጭ ኖሬ ወጉን ረሳሁት፣ ይቅርታ" ብሎ እሱም አንገቱን ደፋ። ያን ሲያደርግ ሳይ ነው አንጀቴን የቆረጠኝ። ሁላችን ስናታልለው ይቅርታ የጠየቀው እሱ!

ጉልባን ቀረበ፣ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ስንዴና ባቄላውን እያፈሰ "ዛሬውኑ ቢቸና ካልገባሁ" አለ። ከመሸ መንገድ አይኬድም አሉት። ለእናቱ ልደውል አለ፤ ኔትወርክ የለም አሉት። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው።

ሽማግሌዎቹ ጓሮ ወጥተው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ አጎቴ "በስቅለት መርዶ ነውር ነው፤ ፋሲካን ያሳልፍ" ይላሉ። የት ደብቀን? እናቴ ናት የቆረጠችው። "እመቤታችንስ ልጇን ያለቀሰችው በዚሁ ቀን አይደለም?" አለች። አንድ በአንድ ወደ ቤት ተመለሱ።

እናቴ በጣም አርጅታለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህን የምጽፈው ማድ ቤት ተቀምጬ ነው፤ እሱ ከሳሎን "የሺ፣ የት ሄድሽ?" ይላል።


ዓርብ፣ ስቅለት፣ ቢቸና

ሆነ።

ሞጣ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ገቡ፤ መላኩ ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከኋላ። አልጋው ዙሪያ ቆሙ። ይበልጣል ተቀመጠ፣ አያቸው። ማንም ገና ምንም ሳይል እኔን አየኝ። ከሁሉም በፊት እኔን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"በርታ ልጄ" አሉ አጎቴ። "እናትህ አርፋለች።"

"መቼ?"

"ሰኞ።"

ሰኞ አለ፣ ለራሱ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኖቹን ወደ ኋላ ሲሄድባቸው ይታወቀኛል። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ሻዩ። ከዚያ ጮኸ። መላኩ ደረቱን ያዘው፣ ሌሎቹ እጆቹን። ሴቶቹ ከውጭ ለቅሶውን ተቀበሉት። መላኩ እውነቱን ነበር፣ እኔ ብቻዬን አልይዘውም ነበር። ልይዘው ብጠጋ ግን በክርኑ ገፋኝ።

ቢቸና እስክንደርስ ከመላኩ ጋር ከፊት ተቀመጠ።


እሑድ፣ ፋሲካ

አላናገረኝም። ዓርብ ዝም፣ ቅዳሜ ዝም።

ቤቱ ሰው በሰው ነው። ጎረቤት ዶሮ ወጥ ሠርቶ አመጣ፤ ሐዘን ቤት ዛሬ ድስት አይጣድም። ወንዶቹ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ይሉና ወዲያው "እግዜር ያጽናህ" ይሉታል። ለሁሉም መልስ ይሰጣል። ለእኔ ብቻ ነው መልስ ያጣው።

ብርድ ልብሱን ለመላኩ ሚስት ሰጣት። እንዴት እንደሚሠራም አላሳያትም።

ያደከመኝ ነገር፣ ሁሉም ያመሰግነኛል። "ጎበዝ፣ ሆድሽ ሰፊ ነው፣ ያን ሁሉ አገር ይዘሽው መጣሽ!" ይሉኛል። ሴቶቹ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋሉ። ተዉኝ ማለት አማረኝ።


ሰኞ፣ ቢቸና

ቀትር ላይ ከመቃብር ስንመለስ እኔና እሱ ከሰዉ ወደ ኋላ ቀረን። እሱ ነው የዘገየው፣ እኔ አይደለሁም።

"የት ነው የሰማሽው?" አለኝ።

"ሻንጣ ስናስረክብ።"

ጥቂት ሄድን። ባጃጅ አቧራውን አልብሶን አለፈ።

"የበጉን ነገር ሳወራሽ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች" አለ። "አልጋ ላይ ስንከባለል። አንቺ ታውቂያለሽ። ዝም ብለሽ አየሽኝ።"

"እኔም ስቄያለሁ" አልኩት። 

"አዎ። ስቀሻል።" ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር። "ውል ነበረን፣ የሺ።"

"ነበረን። አፈረስኩት። ልነግርህ ስል ደስታህ አሳዘነኝ። መላኩም እንዲያ አለኝ፤ ግን በመላኩ አላሳብብም፣ እኔ ነኝ።"

እንባዬ መጣ። አላባበለኝም፣ ትቶኝም አልሄደም። ቀና ሲል ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

"እናትሽ አርጅታለች" አለኝ። "አየኋት እኮ፣ እጇን። አንድ ቀን መላኩ ወይ ሌላ ሰው እኔ ጋ ይደውላል። ያኔ ምን ላድርግ? አሁን ንገሪኝ። ልንገርሽ ወይስ ይዤሽ ልምጣ?"

ንገረኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት የተጣላሁበት ቃል ነው! ሜልቦርን ኩሽና ቆሜ፣ ብቻዬን፣ ወይ አውቶቡስ ላይ፤ መርዶዋን ስሰማ ታየኝ። ይዘኸኝ ና ልለው ደግሞ አፌን ከፈትኩ፤ ሆቴሉ ታየኝ፣ ሻዩ፣ ሳቁ።

"አላውቅም" አልኩት።

የባጃጁን አቧራ ከልብሱ አራገፈ።

"እኔም ያኔ አላውቅም ነበር" አለኝ። "የአባትሽ ጊዜ። ጠዋት ጠዋት ምሳሽን ስቋጥር 'ዛሬ እነግራታለሁ' እያልኩ ነበር።"

ይህን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ታርቀናል አልልም። ወደ ቤት ስንገባ እሱ ወደ ወንዶቹ፣ እኔ ወደ ሴቶቹ ሄድን። ነገ ሞጣ ለጥቂት ቀን እናቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ሳልጠግባት እንዳልመለስ። መላኩ ባለመኪናውን ቦታ ሲጠይቅልኝ ይበልጣል ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰማና "የሁለት ሰው ቦታ በለው" አለው።